የማዕዘኑ ምሰሶ

ዛሬ አናጺው ካቻቢቴውን በቤቴ የማዕዘን ምሰሶ ላይ ቢገፋው እስከ እጀታው ድረስ ጥልቅ አለ።

ደንግጬ ግድግዳውን በሁለት እጄ ደገፍኩ። ቤቱ ቢወድቅ የምይዘው ይመስል!

«አይዞዎት ኦቦ» አለኝ እየሳቀ፤ «ምስጡ ግን ከእርስዎ የተሻለ በልቷል።»

ሌሎቹ ምሰሶዎች ጥድ ስለሆኑ ምስጥ አልደፈራቸውም። ይሄኛው በኋላ የተተካ ባሕር ዛፍ ነው። ነገ ጠዋት አናጺው ጣሪያውን በድጋፍ እንጨት አንስቶ፣ የተበላውን እግር ቆርጦ ምሰሶውን ድንጋይ ላይ ሊያቆመው ነው። «ግድግዳው ሊሰነጠቅ ይችላል» ብሎኛል።

ገለምሶ ያለችው ልጄ ደወለች። «አባዬ፣ ሳይወድቅብህ አፍርሰውና በብሎኬት እንሥራው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ግን ያንን ግድግዳ በእጇ የለሰነችው ሟች እናቷ ናት፤ የጣቶቿ መስመር ጭቃው ላይ ዛሬም ይታያል።

ስጸልይ ራሴን ጠየቅሁ፦ ይሄ ፍቅር ነው ወይስ ጭቃ ማምለክ? እዚህ ጭሮ ደግሞ ደመናው ከብዷል።

የጭቃ ቤት ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ምሰሶ አስቆርጣችሁ ታውቃላችሁ? ልስኑ ተረፈላችሁ? እባካችሁ አናጺው መጋዙን ሳያነሳ ንገሩኝ።