መሪጌታ በእጃቸው የሚያውቁት ሰፈር

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የተመረቀች ጓደኛዬ ደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ሰፈራችንን ዞር ዞር ብላ አየችና «ውይ፣ ፕላን የሚባል ነገር የለውም እኮ!» አለችኝ። ተናደድኩ። እኔ ለመናደድ ጊዜ አይፈጅብኝም። ግን መልስ ሳልሰጣት መሪጌታ ጥበቡ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን የካህናት ሰፈር ነበር። ቤቶቹ ሁሉ ክብ፣ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ፣ ሳር የለበሱ ናቸው፤ በመሀላቸው ካብ አለ። መንገዱም እንደ ቤቶቹ ይጠማዘዛል። በጥቅምት ካቡ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ሲያድር፣ ጭሱ በሳሩ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ ሰፈሩ ከነግድግዳው የተኛ ይመስላል። በዚያ የንጋት ሰዓት የሚሄዱት መሪጌታ ብቻ ናቸው። ዓይናቸው አያይም። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው፣ ከቤት ወደ ካብ፣ ከካብ ወደ ቤት እያለፉ፣ ዜማቸውን እያንጎራጎሩ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳሉ። ተኝቼ እጃቸው በድንጋዩ ላይ ሲሄድ ስሰማ፣ ህልም ይሁን እውን አይለይልኝም ነበር።

በኋላ አባዬ ቆርቆሮ አማረው። ክብ ቤት ደግሞ ለቆርቆሮ አይመችም። በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ አፍርሶ ባለ ማዕዘን አስገነባ። ባለቀ ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ፣ «ድው» የሚል ድምፅ ሰማን። ስንወጣ መሪጌታ ግንባራቸውን ይዘው ቆመዋል።

«አንተ ወርቁ! ቤትህ ቀንድ አበቀለ እንዴ?» አሉ እየሳቁ።

አባዬም ሳቀ። ደማቸውን ያየሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ መሪጌታ ከቤት መውጣት ተዉ። በሶ ይዤላቸው ሄድኩ።

«እጄ ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ መንገዱ ያልቅብኛል» አሉኝ። «ቀጥሎ ያለውን ካብ አላገኘውም።»

«ታዲያ እኔ ልምራዎት!»

«የለም ልጄ። በሰው እጅ ከተመራሁማ ያን ጊዜ ታወርኩ።»

ማታውኑ አባዬን ያዝኩት። «ማዕዘኑን ቁረጠው።»

«አብደሻል? ማዕዘን የሌለው ቤት?»

«አምና ምን ነበረው?»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። አባዬ ግን ተቆጥቶ ተኚ አለኝ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ «ማህሌቱ ያለ እሳቸው ባዶ ነው» አለ ለእናቴ፣ ቀስ ብሎ። ሰኞ ግንበኛውን ሳይጠራ ራሱ መዶሻ ይዞ ወጣ። ማዕዘኑን ከመሬት እስከ ሰው ቁመት ጠርቦ ክብ አደረገው፤ ከዚያ በላይ እንደነበረ ተወው። እውነቱን ልናገር፣ ቤቱ አስቀያሚ ሆነ።

መሪጌታን ሄዶ የነገራቸውም እሱ ነው። በማግስቱ ያ እጅ በግድግዳችን ላይ ሲመጣ ሰማሁት። ማዕዘኑ የነበረበት ቦታ ላይ ቆም አለ። ከዚያ ዜማው ቀጠለ፤ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ነገርኳት። አላመነችኝም። ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ግድግዳችን ላይ አድርጋ መሄድ ጀመረች። የእኛን ቤት እየሳቀች አለፈችው። ቀጥሎ ያለው ቤት ጋ ስትደርስ ግን «ውይ!» ብላ ክንዷን ያዘች። ያ ቤት መሪጌታ ካረፉ በኋላ ባለ ማዕዘን ሆኖ የተሠራ ነው። ከእሳቸው ወዲህ ሰፈሩን በእጁ እየዳሰሰ የሚሄድ ሰው የለም፤ ቤቶቹም ይህን ያወቁ መሰለኝ።