የወይኖ ገመድ

ከንጋቱ 11፡30፣ ላሊበላ

ወይኖ ዛሬ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ሁልጊዜ ሦስት አራት ጊዜ ስሎ፣ አባዬን አስለምኖ የሚነሳው መኪና፣ ሊሸጥ በሚሄድበት ቀን ወዲያው ተንደቀደቀ።

"ዛሬ እንኳ ቢያስቸግረን ምን ነበረበት!" አለ አባዬ።

እናቴ ከቤት አልወጣችም። ለመንገድ የጋገረችውን የገብስ ቂጣ በመስኮት አቀበለችኝና መስኮቱን መልሳ ዘጋችው። የሐምሌ ጉም ሰፈሩን ሸፍኖታል። ከጎረቤት አጥር ላይ የተሰጣ ልብስ ብቻ ይታያል፤ እሱም ረስርሷል።

ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። አባዬ የገበሬ ልጅ ነው፤ ለመኪና እንደ በሬ ስም ያወጣል። "እሷ" ስንልም አይወድም። የመጀመሪያው መኪናችን ቦራ ነበር፤ ሰማያዊ ሆኖ ኮፈኑ ብቻ ከሌላ መኪና የመጣ ነጭ። ሁለተኛው ዳልቻ፣ አመድማ ፒክአፕ። ሦስተኛው ወይኖ ነው። ሲገዛ አረንጓዴ ነበር ይላሉ፤ እኔ የማውቀው ዝገቱን ነው። ዝናብ ሲመታው የወይን ጠጅ ይመስላል። በቤታችን አዲስ መኪና ቆሞ አያውቅም፤ እኔም አምሮኝ አያውቅም። ስለ አዲስ መኪና ምን ይወራል?

አባዬ የሚያመላልሰው ቱሪስት ወደ ላሊበላ መምጣት ካቆመ ወዲህ ወይኖ ደጃፋችን ላይ ከረመ። ብረት በኪሎ የሚገዙ ሰዎች ሚዛን ይዘው መጥተው ነበር። አባዬ "ያረስኩበትን በሬ ለእርድ አልሸጥም" ብሎ አባረራቸው። በመጨረሻ አንድ ደላላ ፍላቂት ላይ ገዥ አገኘሁ አለ። አባዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

"ይነዳዋል?"

"ሰው ያመላልስበታል እንጂ!"

ለዚህ ነው የወጣነው።

ጠዋት 1፡15፣ አቀበቱ ላይ

የሾፌሩ በር መቆለፊያ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። በሩን የያዘው ገመድ ነው፤ አንዱ ጫፍ የበሩ እጀታ ላይ፣ ሌላው የአባዬ ግራ እጅ ላይ። መንገዱ ወደ ቀኝ በታጠፈ ቁጥር በሩ ሊበረገድ ይላል፤ አባዬ ሳያይ ገመዱን ሳብ ያደርጋል። በዚህ መንገድ ስንት ቀኝ መታጠፊያ እንዳለ እጁ ያውቀዋል።

ከእኔ እግር ስር ደግሞ ቀዳዳ አለ። ትንሽ ሆኜ መንገዱ በዚያ ሲሮጥ አይ ነበር፤ ጠጠር፣ ጭቃ፣ አንዳንዴ የበግ በጠጥ። አንድ ቀን እርሳሴ ሾልኮ ወደቀና አባዬ ተመልሶ አቀበቱን ሙሉ ፈልጎ አመጣልኝ። በማግስቱ ቀዳዳውን በዘይት ቆርቆሮ ከደነው። ዛሬ ቆርቆሮውን በእግሬ ገፋ አደረግሁት። የገባው ብርድ ብቻ ነው። ጉሙ ከስርም አለ፤ መንገዱ አይታይም።

"ክደኚው፣ ይበርድሻል።"

"ትንሽ ልይ።"



2፡40፣ ጋሸና

ነፋሱ ፊት ይልጣል። ሻይ፣ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ። ናፍጣ በሃይላንድ ፕላስቲክ ተሞልቶ መንገድ ዳር ተደርድሯል፤ ዋጋውን የጉዞ ማስታወሻዬ ላይ ልጽፍ ስል አባዬ "ተይው፣ አንባቢ አታስደንግጪ" አለኝ።

አንድ የሚኒባስ ሾፌር ወይኖን ዞሮ ዞሮ አየው።

"ጋሼ፣ ከላሊበላ ናችሁ አይደል? ይሄንንም ከድንጋይ ፈልፍላችሁ ነው ያወጣችሁት?"

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አባዬም ሳቀ።

"ያንተ ሲዝግ እንነጋገራለን።"

ከዚያ የዳልቻን ነገር አወራላቸው። እናቴ እኔን ልትወልድ ምጥ ሲይዛት የዳልቻ ጥሩምባ ሽቦው ተገናኝቶ እስከ ጤና ጣቢያ ድረስ ሳያቋርጥ ጮኸ። የመንገዱ ሰው ሰርግ መስሎት እልል እያለ አሳለፈን። "ይቺ ልጅ በእልልታ ነው የመጣችው" ብሎ ጭንቅላቴን ነካ አደረገኝ። ሾፌሩ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀና "ታዲያ አሁን ወዴት ናችሁ?" አለ።

"ልንሸጠው" አለ አባዬ። ሳቁ እዚያው ቀረ።

5፡00፣ ፍላቂት

ቆንን አልፈን ሜዳው ላይ ስንደርስ ዝናቡ ጀመረ። ገብሱ አጎንብሷል። ገዥው አቶ ይመር፣ ፎጣ የጠመጠመ ጎልማሳ፣ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ኮፈኑን ከፈተና ጆሮውን አዘንብሎ ሞተሩን አዳመጠ። ወንበር አላየም፤ ጎማ አላየም፤ መሪውን አልነካም።

"ይንዱት እንጂ፣ ይሞክሩት" አልኩት።

"ምን ልነዳው፣ እህቴ? ሞተሩን አውጥቼ ወፍጮ ላይ ላስረው ነው። የቀረው የዶሮ ቤት ይሆናል።"

አባዬ ኮፈኑን ዘጋ። ቀስ ብሎ ነው የዘጋው።

"ትርንጎ፣ ግቢ። እንመለሳለን።"

ልቤ በደስታ ዘለለ፤ አልዋሽም። ገብቼ ቁጭ አልኩ። አባዬ ገመዱን በእጁ ጠቅልሎ ቁልፉን ሊያዞር ሲል አንዲት እናት በጀርባቸው የገብስ ጆንያ አዝለው፣ ከጆንያው ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ወደ አቶ ይመር ደጅ መጡ።

"ዛሬም ወፍጮ የለም?"

"መብራት የለም እማማ። ዛሬም ሄዷል።"

"እህ።" አልተቆጡም። ጆንያውን ሽቅብ ገፋ አደረጉና በመጡበት ተመለሱ። አባዬ ጉሙ እስኪውጣቸው ድረስ በመስታወቱ አያቸው። ቁልፉን ግን አላዞረውም። እኔም ምን እንደሚያስብ ገባኝና ቆርቆሮውን መልሼ ቀዳዳው ላይ አደረግሁት።

አባዬ ወረደ።

"ጠዋት ጠዋት ያስለዋል" አለው አቶ ይመርን። "አትቆጣው። ሦስቴ ሞክርና ትንሽ ተወው፤ በራሱ ይነሳል።"

"እሺ ጋሼ።"

"ዛሬ በአንዴ ተነስቶ ነበር" አለ።

ከዚያ ገመዱን መፍታት ጀመረ። በአገራችን በሬ ሲሸጥ ገመዱ አይሸጥም፤ ገመዱ ከሄደ የበረቱ ረድኤት አብሮ ይሄዳል ይባላል። የቦራ ኮፈን ማሰሪያና የዳልቻ ጭነት ማሰሪያ እስከ ዛሬ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። የወይኖ ቋጠሮ ግን አራት ዓመት ዝናብና አቧራ የበላ ነው፤ አልፈታም አለ። አባዬ በጥርሱ ፈታው። በሩ ተንቋቋና ዝናቡ ላይ ተበረገደ።

"እንዴ ጋሼ! በሩስ?"

"ገመዱ አይሸጥም።"

አቶ ይመር ይስቃል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ወደ ጓሮ ሄዶ የራሱን አዲስ ገመድ ይዞ መጣ፤ በሩን ዘግቶ እዚያው እጀታ ላይ አሰረው። ገዥ የራሱን ገመድ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ይሄም ደንብ ነው። አባዬ ቋጠሮውን በጣቱ ሞከረና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

8፡20፣ ወደ ላሊበላ

ጋሸና ላይ ሚኒባስ ቀይረን እየወረድን ነው። በሮቹ ሁሉ በደንብ ይዘጋሉ። ወለሉ ምንጣፍ ለብሷል። ብርድ የሚገባበት የለም፤ የሚታይም የለም።

አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በአባዬ ጉልበት ላይ የተጠቀለለውን ገመድ አዩ።

"በሬ ሸጠው ነው?"

"አዎ።"

"እግዜር ይተካዎ። ለእርሻ ነው ለእርድ?"

አባዬ ገመዱን ዳሰሰ። "ለሥራ ነው" አለ።

"ተመስገን በሉ። ስሙ ማን ነበር?"

"ወይኖ።"

ሽማግሌው "አይ ወይኖ" አሉ፣ እንደሚያውቁት ሁሉ።  መስኮቱን ዝናብ ይደበድበዋል። እኔ ደብተሬ ላይ አጎንብሼ ይህን እጽፋለሁ፤ ጽሑፌም ይንቀጠቀጣል፤ ምክንያቱም ሜዳውን ጨርሰን መታጠፊያዎቹ ጀምረዋል። ሚኒባሱ ወደ ቀኝ ታጠፈ። የአባዬ ግራ እጅ ገመዱን ሳብ አደረገ።

ደግሞ ታጠፈ። ደግሞ ሳበ።