ዶሴና አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሕሙማኑ

ዶሴ ባሕር ማዶ ሄዶ ታላቅ ሐኪም ሆነ ተባለ። ወሬው የተነሣው ከሻይ ቤቱ የጥግ ጠረጴዛ ነው። የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ተላላኪ «በአንድ ሳምንት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቁስለኛ አክሞ አንድም አልሞተበትም» ብሎ ማለ። ወሬው ከጠረጴዛው ተነሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ ቁስለኛው ሁለት ሺህ ሞላ። አስፋልቱን ሲሻገር ዶሴ የራሱን ሆስፒታል ከፈተ። ፀጉር ቤቱ ሲደርስማ የቀረው ሙት ማስነሣት ብቻ ነበር።

«የትኛው ዶሴ? የኛው?» አለች ሻይ ቀጂዋ። «መርፌ ገና ከሩቅ ሲያይ የሚወድቀው?»

«እሱ ራሱ! ፎቶውን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሁሉም በነጭ ፋሻ ተጠቅልለው በሰልፍ ቆመዋል።»

«ቁስለኛ ቆሞ ይታከማል እንዴ?»

«ያን ሁሉ ሰው የሚችል አልጋ ከየት ይምጣ?»

የሻይ ቀጂዋ ጥርጣሬ ሚዛን ይደፋል። ዶሴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው፤ ቅጽል ስሙም የወጣለት ከዚያው ነው። ሊፍት ይፈራል፣ ነጎድጓድ ይፈራል፣ ፊርማ የሌለው ወረቀት ይፈራል። የገዛ ጥላውን እንኳ ሳያስፈቅድ አይረግጥም ይባልለት ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ግን መጣልን ነው። «ነገ ቢፈለግስ?» እያለ በዘመኑ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አልጣለም። መጋዘን ስለገባች አንዲት አይጥ የተጻጻፈው ደብዳቤ ብቻውን ሦስት ዶሴ ሞልቶ ነበር።

ሚስቱ የተገላቢጦሽ ናት። ክሊኒክ ውስጥ ቁስል ስታጥብና ስታስር ዐሥራ አምስት ዓመት የኖረች፣ ነብር ቢነክሳት ነብሩን የምታክም ሴት ናት። ባሕር ማዶ ያለችው አክስቷ ባሏ ሞቶ፣ ጉልበቷም ከድቷት፣ «የወይን እርሻውን መጥታችሁ ተረከቡኝ» ብላ ስትጽፍ፣ ሚስቱ ሻንጣ ለማውረድ ወንበር ላይ ወጣች። ዶሴ የሥራ መልቀቂያውን በሦስት ቅጂ ጽፎ ፈረመና ተከተላት።

እርሻው ዳገት ላይ ነው፤ አርባ መደዳ፣ በየመደዳው ሠላሳ ግንድ። ሲደርሱ ወሩ የብርድ ነበር፣ ግንዶቹም ቅጠላቸው ረግፎ ቅርንጫፋቸው እንዳልተበጠረ ፀጉር ተንጨባሮ ቆሟል። አክስቲቱ ለጉልበቷ ቀዶ ሕክምና ከተማ ልትሄድ ቦርሳዋን ይዛ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ለዶሴ የመቁረጫ መቀስ አስጨበጠችውና ትእዛዟን ሰጠች።

«ከየግንዱ ቅርንጫፍ ከዐሥሩ ዘጠኝ እጁን ቆርጠህ ትጥላለህ። ግንዱ ላይ በሚቀረው በየቁራጩ ሁለት ዓይን ብቻ ይቅር፤ ቡቃያው የሚወጣው ከዓይኑ ነው። በወሩ ስመለስ ገድላችሁት ከጠበቃችሁኝ፣ ዐሥር ዓመት ስጪኝ ሲለኝ ለኖረው ለታችኛው ጎረቤት እሰጠዋለሁ። እናንተም በመጣችሁበት ትመለሳላችሁ።»

«እትዬ፣ ዘጠኝ እጁን... ትጥላለህ ነው ያሉኝ?»

«ልጄ፣ ጆሮህ ደህና ነው።»

በመጣችሁበት መመለስ! መዝገብ ቤት ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ተከራይተውት የነበረው ቤት መጋረጃ ተቀይሯል። ዶሴ የመጀመሪያው ግንድ ፊት መቀሱን ከፍቶ ግማሽ ቀን ቆመ።

«ቁረጥ!» አለች ሚስቱ ከማዶ መደዳ።

«ይሄኛው ነገ ቢፈለግስ? እስቲ አስተያየት ልጠይቅ።»

«ማንን? ወይኑን?»

ዓይኑን ጨፍኖ ቆረጠ። ቀጭ ባለ ቁጥር አንጀቱ አብሮ የሚቆረጥ ይመስለዋል። የቆረጠውንም አልጣለም፤ በሲባጎ እየጠፈረ፣ የመደዳና የግንድ ቁጥር እየለጠፈ ጎተራ ውስጥ ደረደረው። ሚስቱ ስታይ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጭራሮ ልታስፈርም ነው?» ብላ ሳቀችበት። በዐሥራ ስምንተኛው ቀን ጨረሱ።

በዐሥራ ዘጠነኛው ማለዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙቀት መጣ። ዶሴ ቡትስ ጫማውን አድርጎ ዳገቱን ሲወጣ አንድ ድምፅ ሰማ። ጠብ። ቆመ። ጠብ፣ ጠብ። ቀና ሲል ከቆረጠው ጫፍ ላይ ንጹሕ ውሃ ኩልል ብሎ፣ ተንጠልጥሎ፣ ወደቀ። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። አርባውም መደዳ፣ ዳገቱ በሙሉ፣ ዝናብ በሌለበት ያንጠባጥባል። የሰው እንባ ቢሆን ያባብል ነበር፤ ግንድ ሲያለቅስ ግን ምን ይባላል?

«ፈጀኋቸው!» እያለ ቁልቁል ተንደረደረ።

ሚስቱ መጥታ በባለሙያ ዓይን መረመረች። ፊቷ ጠቆረ፤ ይሄኔ ዶሴ ይበልጥ ራደ፣ እሷ ስትፈራ አይቶ አያውቅምና። «ቀለሙ ቀይ አልሆነም እንጂ ይሄ መድማት ነው» አለች። «የሚደማ ነገር ጫን ተደርጎ ይታሰራል። ፋሻ አምጣ!»

ዶሴ የከተማው መድኃኒት ቤት ገብቶ፣ በተሰባበረ ቋንቋና በእጅ ምልክት ፋሻ ሲጠይቅ፣ መድኃኒት ሻጩ ቁስለኞቹ ስንት እንደሆኑ ጠየቀው። ዶሴ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈለት። ሻጩ ያለውን ሁሉ አሸክሞት፣ መስኮቱን ከፍቶ ጦርነቱ ከየት በኩል እንደሆነ ያዳምጥ ጀመር። ፋሻው ሲያልቅ አንሶላ ተቀደደ፣ ከዚያ የትራስ ልብስ፣ በመጨረሻ የዶሴ የቢሮ ሸሚዞች። በሳምንቱ ዳገቱ ከሩቅ ሲታይ የቁስለኛ ጦር የሰፈረበት መስሏል። ፋሻው ግን ይርሳል፤ ጠብ ማለቱም አልቆመ። ሚስቱ ፎቶ አንሥታ «ምን ይሻላል?» ብላ ለቀድሞ ባልደረቦቿ ላከች። «ግሉኮስ ስጧቸው» የሚል መልስ መጣ። ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ተላላኪው ያየው ፎቶ ይሄው ነው።

ዶሴን እህል አልዋጥልህ አለው። ደብተር አውጥቶ በየግንዱ ስም የጠብታውን ቁጥር ማለዳና ማታ ይመዘግባል። ያጽናኑት ሰባት ግንዶች ብቻ ነበሩ፤ ላይኛው ጥግ ላይ ቆመው አንዲት ጠብታ ያላወጡ። እነሱን አላሰራቸውም። አጠገባቸው እየተቀመጠ «እናንተ እንኳ ቁርጥ አድርጋችሁ ቻላችሁት» ይላቸዋል።

አክስቲቱ ከቀጠሮዋ አንድ ቀን ቀድማ መጣች። ከመኪና በክራንች ወርዳ ዳገቱን ከታች እስከ ላይ አየችው። ዶሴን ላብ አጠመቀው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው።

«ማነው የሞተው?» አለች።

«እስካሁን ማንም አልሞተም እትዬ፤ ግን ደሙ አልቆም አለን።»

አንዱን ፋሻ ፈታች። ጠብ። ጣቷን አርሳ ትክ ብላ አየችው። «ልጄ፣ ወይን ተቆርጦ ሙቀት ሲመጣ ያለቅሳል። ሥሩ ነቅቶ ውሃ እየሳበ ነው። ሕይወት ስላለው ነው። የማያለቅስ አለ?»

«አለ እንጂ! ሰባት አሉ!» አለ ዶሴ፣ በምስራች ድምፅ። «ፍጹም ጤነኞች!»

ደግፎ ላይኛው ጥግ ድረስ ወሰዳት። አክስቲቱ የአንዱን ቅርንጫፍ ጎበጥ አደረገችው፤ እንደ ደረቅ ዳቦ ቀሽ ብሎ ተሰበረ።

«የሞቱት እነዚህ ናቸው።»

ዶሴ መሬት ላይ ዘጭ አለ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

«ካቻምና ነው የሞቱት። እኔ በዚህ ጉልበት ወጥቼ አላየሁ። አንተ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ መሐል እነዚህን እንዴት ለየህ?»

ደብተሩን ዘረጋላት። ገጽ በገጽ ገለጠች፤ እያንዳንዱ ግንድ የጠብታ መዝገብ አለው።

«የታችኛው ጎረቤት ምንም አይፈራም» አለች አክስቲቱ በመጨረሻ። «ስለማይፈራ ውርጭ ሁለቴ በልቶበታል። ለሱ የምሰጠው ነገር የለኝም። ፍርሃትህን ከቻልከው እርሻው የእናንተ ነው።»

«ውርጭ?» አለ ዶሴ።

«እሱ ገና ነው። ቀጥሎ በረዶ አለ። ከዚያ ሻጋታ። ከዚያ ወፍ።»

በየስሙ ፊቱ እየነጣ ሄደ። ተነሥቶ አፈሩን ከሱሪው አራገፈና፣ «ውርጩ የሚመጣው በስንት ሰዓት ነው?» አለ፣ ደብተሩን ተቀብሎ።

የወይኑ ዓይኖች ታፍነው እንዳይቀሩ ያንን ሁሉ ፋሻ ሦስት ሆነው ሲፈቱ ሰነበቱ። አንድ እሑድ ስልክ ጮኸ። ተላላኪው ነው፤ ከኋላው ሻይ ቤቱ በሞላ ይንጫጫል።

«ዶክተር! እንኳን ደስ ያለህ! እስቲ ለነዚህ ተጠራጣሪዎች ንገርልኝ፤ ያን ሁሉ ሕዝብ አድነህ አንድም አልሞተብህም አይደል?»

ዶሴ የወይን ውሃ ያረጠበውን እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ሐኪም አይደለሁም፤ ሆስፒታልም የለኝም። አንድም ሰው አላከምኩም። ያሰርኳቸው በሙሉ ጤነኞች ነበሩ፤ የሞቱት ጤነኞች ናቸው ብዬ የተውኳቸው ናቸው።»