ሁለት ቦታ የታየው አድራሻ

ታሪኬ ተመረጠ! ቅዳሜ ከሰዓት ቦሌ፣ አንድ ካፌ ውስጥ ሊነበብ ነው። መልእክቱ የደረሰኝ በብዕር ስሜ ነው። ከየካ አባዶ በሚወጣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳነበው ጮህኩ።

"ወራጅ አለ?" አለ ረዳቱ።

"የለም፣ ደስ ብሏት ነው" አለችው አጠገቤ የተቀመጠችው የክፍሌ ልጅ።

ሚስጥሬን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እኔ አልነገርኳትም፤ ራሷ ደርሳበት ነው።

ያኔ ክፍላችን በሙሉ ስልኩን እየነካካ ኮይን የሚሰበስብበት ሰሞን ነበር። ለጓደኛችን ልደት ቶርታ መግዣ ስናዋጣ፣ መዋጮውን እንዲልኩልኝ የክሪፕቶ ዋሌቴን፣ ማለትም የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳዬን፣ አድራሻ የክፍሉ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ። ያንኑ አድራሻ፣ በብዕር ስም በምጽፍበት ቻናል ላይም "ታሪኩ ከጣማችሁ ሻይ ጋብዙኝ" ብዬ አስቀምጬው ነበር። ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ ማን ልብ ይለዋል?

እሷ ልብ አለችው።

"አንቺ! ያ ቻናሉ ላይ ባለው ታሪክ ውስጥ የሚዘፍነው ሹፌር አባትሽ ናቸው እንዴ?"

"የምን ሹፌር?"

"አትቀልጂብኝ። ቻናሉ ላይ ያለው አድራሻ የቶርታውን መዋጮ የላክንበት ነው።"

"ስሜ እኮ የለበትም!"

"ታርጋ ላይስ ስም አለ? አንድ ታርጋ ሁለት ቦታ ካየሁ መኪናው አንድ ነው።"

አድራሻውን ስልኳ ላይ አስገብታ የገባውንም የወጣውንም አሳየችኝ። ለካ ማንም ሰው ማየት ይችላል። አባቴ መኪናው ውስጥ የሚዘፍነው ብቻውን ሲሆን ነው፤ መስማቴን እንኳ አያውቅም። ክፍሉ ካወቀ የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ያውቃል፣ ከዚያ እሱ ጆሮ ይደርሳል። ከደረሰ ደግሞ ሁለተኛ አይዘፍንም።

አድራሻውን ከሁለቱም ቦታ አጠፋሁና ለብዕር ስሜ አዲስ ዋሌት ከፈትኩ። የተጋበዝኩትን ሻይ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ላዛውር ስል እጄን ያዘችኝ።

"እንዳትልኪ! ከላክሽ ሁለቱን ዋሌት ራስሽ አገናኘሻቸው ማለት ነው።"

ስለዚህ አሮጌው እዚያው ቀረ። የድሮው መዝገብ እንደሆነ አይጠፋም። ደግነቱ ከክፍላችን ከእሷ ሌላ አንባቢ አልነበረኝም፤ አንባቢ በማጣቴ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

አባቴ ዛሬም ይዘፍናል። (እንዳታውቁኝ ብዬ ነው እንጂ እዚህ የጻፍኩት ቶርታ ቶርታ አልነበረም፤ የሰፈሩንም ስም ቀይሬዋለሁ። ተምሬያለሁ!)

የንባቡ አዘጋጆች "አንባቢዎችሽን ሁሉ ጋብዢ" ብለውኛል። ቅዳሜ ኑ። ታሪኩን የምታነበው ሌላ ልጅ ናት፤ እኔ እናንተ መሀል ቁጭ ብዬ አጨበጭባለሁ። የቱ ጋ እንደተቀመጥኩ ግን አትፈልጉ።