እጅ የላሱት አጋዘኖች

አባቴ ዘርጋው በማጂ ቆላ ስሙ የተጠራ አዳኝ ነበር። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ ጠመንጃ እንደ ዱላ በየሰው እጅ ገባ፤ በአራት ዓመት ውስጥ የአጋዘን ዘር ከአካባቢው ጠፋ። የመጨረሻዋን ስትሸሽ ከኋላዋ የመታት እሱ ራሱ ነው። ሲገፍፋት ሆዷ ውስጥ ግልገል አገኘ። ከዚያ ቀን ወዲያ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አልነካውም።

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሰባት አጋዘኖች ከማርቢያ ግቢ በጭነት መኪና መጡ። ዱካ ያውቃል ተብሎ አባቴ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። ሹሞቹ አጨብጭበው፣ ፎቶ ተነሥተው ወደ ሚዛን ከተማ ተመለሱ። እሱ ግን ፊቱ ጠቁሮ ቤት ገባ።

«እጄን ላሱኝ» አለኝ። «ሰው የማይፈራ አጋዘን ዕድሜ የለውም።»

ከማግሥቱ ጀምሮ ያሳድዳቸው ጀመር። ድንጋይ ወረወረባቸው፤ ጅራፍ አጮኸባቸው፤ የሰቀለውን ጠመንጃ አውርዶ ወደ ሰማይ ተኮሰ። በወሩ ሰው ሲያዩ መሸሽ ለመዱ።

ይህን የሰማ አንድ ኃላፊ መጥቶ «እንስሳ እያሠቃየህ ነው» ብሎ ከሥራ አባረረው። በእሱ ቦታ የተተካው ዘበኛ ደግ ሰው ነበር። ደግነቱ ገደል ይግባና፣ ጨው በመዳፉ እያላሰ መልሶ አለመዳቸው።

ፋሲካ ሳይደርስ ሰባቱም ተገደሉ። አባቴ ወርዶ በድናቸውን አንድ በአንድ አገላብጦ አየ።

«ከኋላ የተመታ አንድም የለም» አለኝ ሲመለስ። «ጥይቱ የገባው በሁሉም ግንባር ነው።»