ባለሀብቱ ያላየው የቆርቆሮ ቤቴ

መጀመሪያ ይህን እወቁ፦ የእኛ የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የሚሸመን ነው። ሥሩን ምስጥ ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ይወገድና ቤቱ ዝቅ ይላል። የጎረቤቴ የአንጁሎ ቤት ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ እንጃ፤ አሁን ሰው የሚገባው አጎንብሶ ነው።

እኔ ከመምህርነት ጡረታ ስወጣ የራሴን አፍርሼ የቆርቆሮ ቤት ሠራሁ። መንደሩንም «ጊዜው የቆርቆሮ ነው» ብዬ መከርኩ። ከአንጁሎ በቀር ሁሉም ሰማኝ።

ዛሬ ጠዋት ለእንግዶች ማረፊያ የሚሆን ቤት የሚፈልግ ባለሀብት መጣ። የእኔን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ወደ አንጁሎ ግቢ ገብቶ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ፎቶ ሲያነሳ ቆየ።

ከሄደ በኋላ አንጁሎ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «መምህር፣ እንግዶቹ ሲበዙብኝ አንተ ጋ እልካቸዋለሁ። ቆርቆሮ ማየት የሚወድም አይጠፋም!» አለኝ።

ቅናት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ምሳዬን ግን አልበላሁም።

ሰውየው አንድ ሌላ የቀርከሃ ቤት እንደሚፈልግና ለመስቀል እንደሚመለስ ተናግሯል። እኔም ቀርከሃ አዝዣለሁ። ችግሩ፣ በመንደራችን ቤት መሸመን የሚችል የቀረው አንጁሎ ብቻ ነው። ሌሎቹን በምክሬ ሥራ አስፈትቻቸዋለሁ።

እንደ እኔ በገዛ ምክሩ የተጎዳ ካለ ይጻፍልኝና ልጽናና። ከሁሉ በፊት ግን ከአንጁሎ ሌላ ባለሙያ የምታውቁ፣ እባካችሁ በዚህ ሳምንት አሳውቁኝ።