ወንዝ መካከል የቆመችው አንካሳ ላም

እኔ ልጅ ሳለሁ በቤታችን ተረት እንዲያው በነጻ አይነገርም ነበር። አያቴ አባባ ፈንቴ መደቡ ላይ ተደላድለው ይቀመጡና ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው፣ «በሉ፣ የተረቴን ዋጋ!» ይላሉ። ያኔ ወንድሜ ሙላት ከውጭ አንድ እቅፍ ኩበት ያመጣል። የፎገራ ሜዳ ዛፍ የለውምና የምናነደው ኩበት ነበር፤ ጭሱ ዓይን ቢያስለቅስም ፍሙ ቶሎ አይከዳም። ታናሽ እህቴ የኩራዙን ክር ታስተካክላለች። የእኔ ዋጋ ግን ከሁሉም ይለያል። ከልጆቹ መካከል ትምህርት ቤት የተላክሁት እኔ ብቻ ስለነበርሁ፣ በዚያ ቀን የተማርሁትን አንድ ነገር ይዤ መምጣት ነበረብኝ።

እኔም እከፍል ነበር። ከምድጃው አጠገብ ቆሜ ፊደሉን ከ«ሀ» ጀምሬ እንደ ውሃ አወርደዋለሁ። አባባ አንዲት ፊደል አያውቁም፤ ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡና፣ «እሰይ የኔ ልጅ! ይህች እኮ ደብተራ ናት!» ይሉኛል። ማንም ያላወቀብኝ ነገር፣ እኔ የማውቀው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አለመሆኑን ነበር።

ከገና በኋላ አንድ ቀን፣ ወረታ ባለው ትምህርት ቤታችን፣ አስተማሪው በዘንጉ ጫፍ ከሰሌዳው መካከል አንዷን ፊደል ነክቶ «ይህችስ?» አለኝ። በሆዴ ከ«ሀ» ተነሥቼ ልደርስባት ስሮጥ፣ ዘንጉ ወደ ሌላ ዘለለ። ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ፣ «ይህች ገደል ማሚቶ ናት፤ የሰማችውን ብቻ ነው የምትመልሰው!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ገደል ማሚቶ ሆነ። ሁለት ሳምንት ቻልሁት፤ ከዚያ ወዲያ «አልሄድም» አልሁ። አባቴ አልተቆጣኝም፤ የባሰው ያ ነበር። «ተዪው እንግዲህ፤ ጥጃ ትጠብቂያለሽ» ብሎ ደብተሬን ከጣራው ሥር ሰካው።

በዚያው ምሽት አባባ አዲስ ተረት ጀመሩ። አንዲት አንካሳ ላም ነበረች፤ ሁልጊዜ ከመንጋው ኋላ የምትቀር። ክረምት ነው፣ የርብ ወንዝ ሞልቷል። አያ ጅቦ ከዳር ቆሞ፣ «እሜቴ ላሚቱ፣ አዝለሽ አሻግሪኝ፤ ንክች አላደርግሽም» ብሎ ማለላት። እሷም አምናው አዝላው ገባች። ወንዙ መካከል ሲደርሱ ጅቡ ከጆሮዋ ሥር ጠጋ ብሎ፣ «እሜቴ፣ ሐሳቤን ቀየርሁ» አላት።

አባባ ዝም አሉ። ወደ እኔ ዞረው፣ «የአንቺ ዋጋ አልተከፈለም» አሉኝ።

«ትምህርቱን ትቻለሁ እኮ፣ አባባ።»

«እንግዲያስ ላሚቱም እዚያው ትቁም!» ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

በማግስቱም እንዲያው ሆነ። በሦስተኛው ምሽት ሙላት ኩበቱን ወርውሮ፣ «አንቺ! ላሚቱ ውሃ ውስጥ ከቆመች ሦስት ቀኗ! በብርድ ብትሞት ኃጢአቱ በአንቺ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። ታናሽ እህቴ እውነት መስሏት ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስሁ፤ እያለቀስሁም፣ ዜማውን እንጂ ፊደሉን እንደማላውቅ፣ እሳቸውንም እያታለልሁ እንደከረምሁ ሁሉን ተናዘዝሁ።

የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ረጋ ብለው፣ «ከብቶቹን የምታውቂያቸው ከበረት በተራ ሲወጡ ብቻ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ኧረ የትም ባያቸው አውቃቸዋለሁ!»

«ሁሉም ጥቁርና ነጭ አይደሉም እንዴ? ሜዳ ላይ ከጎረቤት መንጋ ሲቀላቀሉ በምን ትለዪያቸዋለሽ?»

«በቀንዳቸው፣ በአካሄዳቸው... እናትየዋን ካወቅሁ ደግሞ ጥጃዋን አላጣትም።»

«በይ ፊደልሽን አሰማሪልኝ» አሉና አመዱን በመዳፋቸው ደልድለው ስንጥር ሰጡኝ። ሙላት ደብተሬን ከጣራው ሥር አወረደልኝ፤ እያየሁ «በ»ንና ስድስት ልጆቿን አመዱ ላይ ገለበጥሁ። አባባ ኩራዙን አስጠግተው፣ በሬ እንደሚገዛ ሰው ከእግር እስከ ራስ መረመሯቸው። «ይህች እናትየዋ ናት፣ ቀጥ ብላ የቆመችዋ። ቀጥሎ ያለችው ጎኗን ተወግታለች፤ እንጨቱ አልወጣላትም። ሦስተኛዋ ተረከዟ ተንጋዷል።» አራተኛዋ ላይ ሲደርሱ ድንገት በሳቅ ፈነዱ። «አንድ እግሯ አጭር! ይህችማ የእኛዋ አንካሳ ናት!»

በዚያ ሰሞን ሌሎቹንም ፊደሎች እንዲያ አሰማራናቸው። አባቴ «ጥጃውን ማን ይጠብቃል?» ቢል፣ አባባ «እኔ» አሉት፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በምርኩዝ።

ትምህርት ቤት በተመለስሁ ዕለት አስተማሪው ዘንጉን አንሥቶ አንዷን ነካ። «አንካሳዋ!» አልሁ ሳላስበው። ክፍሉ አውካካ። «ባ» አልሁ ቀጥዬ፤ ሳቁ ቀጥ አለ። ዘንጉ ወደ ላይ ወደ ታች ዘለለ፤ እኔም ተከተልሁት፤ አንዷም አልጠፋችኝም።

ማታ ላሚቱ ከወንዙ ወጣች። ለካ በአንካሳነቷ ዝግ ብላ ስለምትሄድ፣ ሌሎቹ ሮጠው የሚያልፉትን የወንዙን ወለል እሷ በእግሯ ለይታ ታውቀው ኖሯል። ወደምታውቀው ጥልቅ ስፍራ ዞር ብላ ድንገት ስምጥ ብትል፣ አያ ጅቦን ጎርፍ ወሰደው። ሙላት ከደስታው ብዛት የእህቴን ጀርባ ደበደበ።

ትምህርቴን አልጨረስሁትም። አራተኛ ክፍልን እንዳለፍሁ ተዳርሁ፤ አባባም በዚያው ዓመት አረፉ። ቢሆንም የያዝሁት አልጠፋብኝም። ዛሬ በመንደራችን ልጇ ወታደር የሆነባት እናት ደብዳቤ ሲደርሳት የምትመጣው ወደ እኔ ነው፤ ሳነብላት አንድም ቃል አልዘልባትም።

አሁን ልጄ አንደኛ ክፍል ናት። በቀደም ደብተሯን ወርውራ «እኔ አይገባኝም፤ አልሄድም» አለችኝ። አልተቆጣኋት፣ አልመከርኋት። ራት ከበላን በኋላ ስለ አንዲት አንካሳ ላም አወራኋት፤ ወንዙ መካከል ስደርስ ዝም አልሁ።

«ከዚያስ፣ እማ? ከዚያስ?»

«ዋጋ አለው» አልኋት።

አኩርፋ ተኛች። ጠዋት ጥጆቹን ላወጣ ብነሣ፣ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ከደጅ ቆማለች። «ያቺ ላም በርዷታል» አለችኝና መንገዱን ያዘች። ሜዳውን አቋርጣ እስክትጠፋ ድረስ ቆሜ አየኋት። እኔ ወንዙን አልተሻገርሁትም፤ ወለሉን ግን አውቀዋለሁ። አባባ፣ አንዲት ፊደል ሳያውቁ ሁለት ትውልድ ያስተማሩ ሰው፣ የተረታቸውን ዋጋ ዛሬም እየተቀበሉ መሰለኝ።